«ኦዳ ቦሽ» ላይ «ነው» የት ገባ?

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። አንካራ ከገባሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። ከተማሪዎች ማደሪያ ወጥቼ ክፍል ለመከራየት እየዞርኩ ነው፤ ጥያቄዬም የመጣው ከዚሁ ዙረት ነው። እዚህ በየሕንፃው መስኮት ላይ «ኪራልክ ኦዳ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። የሚከራይ ክፍል ማለት ነው፤ እሱ አላስቸገረኝም። ባለፈው ማክሰኞ ግን አንዲት አከራይ በስልኬ ሁለት ቃል ብቻ ላኩልኝ፦ «ኦዳ ቦሽ»። «ኦዳ» ክፍል ነው፤ «ቦሽ» ደግሞ ባዶ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ነገር ግን «ክፍል ባዶ» ተብሎ ንግግር ያልቃል? ማሰሪያው የታለ? መልእክቱ ተቆርጦ የደረሰኝ መስሎኝ ቀሪውን ስጠብቅ ግማሽ ሰዓት ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። በኋላ ስደውል ሌላ ሰው ሊያየው እየመጣ መሆኑን ነገሩኝ።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ይህ ነው። መማሪያ መጽሐፉ «ድር» የምትባል ቅጥያ እንዳለች ይናገራል። እኔም የጠፋችው «ነው» ተገኘች ብዬ ባገኘሁት ቅጽል ሁሉ ጭራ ላይ ማንጠልጠል ጀመርኩ። አብሮኝ የሚያድረው ልጅ አሞት የቀረ ዕለት ለአስተማሪያችን «ሃስታድር» አልኳት፤ ታሟል ማለቴ ነበር። እሷ ግን አይቼው እንደሆነ ወይም እየገመትኩ እንደሆነ መልሳ ጠየቀችኝ። ተደራራቢ አልጋ ላይ የምንተኛ ሰዎች ነን፤ ምኑን እገምታለሁ?

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ልድፈር። የቱርክኛ ቅጽል ከእኛው ይቀላል። ጾታ የለው፣ ብዙ ቁጥር የለው። ትልቅ ካሉት ትልቅ ነው፤ ትልቁ፣ ትልቋ፣ ትልልቆቹ የሚባል ጣጣ የለበትም። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

(ቱርክኛውን በፊደላችን ነው የምጽፈው። እኛ «እ» የምንለው ድምፅ እነሱም ዘንድ አለ፤ በቃል መጨረሻ ላይ ሲመጣ እንዳይዋጥ «እ»ን እጨምርበታለሁ።)

* * *

አርሙኝ ማለት አደገኛ ቃል ነው። በአምስት ቀን ውስጥ የእኔኑ ጨምሮ 23 መልስ ተደረደረ። የመልሶቹን ክር አሁን ከላይ ጀምሬ ሳነበው ግማሹ የሰዋስው ትምህርት፣ ግማሹ የሰፈር ጨዋታ ነው። ዘግይተው ለመጡ ሰዎች እንዲጠቅም በቅደም ተከተል ልተርከው።

1ኛው መልስ የመጣው ስድስት ዓመት ኢዝሚር ከኖረ ሰው ነው። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ከጀመረ በኋላ ነገሩ ሁሉ የቦታ ጉዳይ መሆኑን አስረዳኝ። ቅጽሉ ከስሙ ፊት ከቆመ ይገልጻል፤ ከኋላው ከቆመ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። «ቦሽ ኦዳ» ባዶ ክፍል፣ «ኦዳ ቦሽ» ክፍሉ ባዶ ነው። መልእክቱ አልተቆረጠም ነበር ማለት ነው፤ አከራይዋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው የላኩልኝ። ለአማርኛ ተናጋሪ ፊተኛው አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት የቀይ ባሕርን ስም አነሣ። ቱርኮች «ክዝልዴኒዝ» ይሉታል፦ «ክዝል» ቀይ፣ «ዴኒዝ» ባሕር፤ ልክ እንደ እኛው፣ ቃል በቃል። ለሸሚዝና ለቲማቲም ግን «ክርምዝእ» እንደሚባል ጨመረልኝ፤ ገበያ ውስጥ «ክዝል» ሸሚዝ ብዬ እንዳልዋረድ ሰግቶልኝ ይሆናል።

2ኛዋ መላሽ ይህንኑ ይዛ የአዲስ አበባን ስም ተረጎመችው። «ዬኒ ቺቼክ» ይሆናል፤ አንዲት ፊደል ቦታዋን ሳትለቅ። ሁለቱን ብናገላብጣቸውና «ቺቼክ ዬኒ» ብንል ግን ከተማዋ ትጠፋና አበባው አዲስ ነው የሚል ወሬ ይሆናል። ከአንካራ በፈጣን ባቡር የሚደረስባት ኤስኪሼሂርም ስሟ አሮጌ ከተማ ማለት እንደሆነ ከዚህች እህት ነው ያወቅኩት። ለወራት ስሟን ጣቢያው ሰሌዳ ላይ እያነበብኩ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

3ኛው መላሽ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በክሩ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ አራሚው ልበለው። ሰላምታ አያውቅም፤ በቀጥታ ወደ ስሕተቱ ነው የሚገባው። የ1ኛው መልስ እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው አለ። «ነው» የጠፋው ስለ ሦስተኛ ሰው ስንናገር ብቻ ነው። እኔ፣ አንተ፣ እኛ ስንል ቅጽሉ ራሱ ጭራ ያወጣል፦ «ዮርጉኑም» ደክሞኛል፣ «ዮርጉንሱን» ደክሞሃል፣ «ዮርጉኑዝ» ደክሞናል። ጊዜው ሲያልፍም ማሰሪያው ብቅ ይላል፤ «ኦዳ ቦሽቱ» ክፍሉ ባዶ ነበር። ስናፈርሰው ደግሞ «ዴይል» ይመጣል፤ «ኦዳ ቦሽ ዴይል» ክፍሉ ባዶ አይደለም። ስለዚህ ማሰሪያው አልጠፋም፤ ስለ ሦስተኛ ሰውና ስለ ዕቃ ሲሆን፣ ያውም በአሁን ጊዜ ብቻ፣ ዝም ይላል እንጂ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ባዶው ቦታ ላይ የማይታይ «ነው» ተቀምጦ መስማት ጀመርኩ። ቀልድ አይደለም፤ በእውነት ረድቶኛል።

የ«ድር»ን ጉዳይ 4ኛው መልስ ጨረሰው። ጸሐፊው የሕግ ተማሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያነበው ጽሑፍ በ«ድር» የተሞላ ነው። በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ ደንብ፣ ውል፣ መዝገበ ዕውቀት ሁሉ ይወዳታል። በሕዝብ ቦታዎች የተከለከለ ነገር ሲነገር «ያሳክትር» ተብሎ ይጻፋል፤ የተከለከለ ነው ማለት ነው። ውኃ ቀለም የለውም ዓይነት የዘላለም እውነትም በ«ድር» ይዘጋል። ይህችው ቅጥያ በተራ ወሬ ውስጥ ስትገባ ግን ግምት ትሆናለች። «ሃስታድር» ያልኩት ሳይታመም አይቀርም ሆኖ ነው የተሰማው፤ አስተማሪዬ እውነቷን ነበር። ትክክለኛው «ሃስታ» ብቻ ነበር፤ ጭራ የሌለው። የሕግ ተማሪው አንድ ምክር አከለ፦ ማስታወቂያ ሰሌዳ እስካልሆንኩ ድረስ «ድር»ን ለጊዜው እንድረሳት። የበርሊን ቱርኮች ጎረቤቶቿ እንደሆኑ የጻፈች አንዲት እህት ልብ በመሳል ብቻ ተስማማች፤ መድረኩ ልብን እንደ መልስ ስለማይቆጥር ቁጥር አልተሰጣትም።

ከሁሉ የወደድኩት 5ኛውን ነው። ኢስታንቡል ውስጥ ከኢትዮጵያ ለሕክምና ለሚመጡ ሰዎች የምታስተረጉም ሴት ናት። አራሚው «ዮርጉኑም»ን ደክሞኛል ብሎ ሲተረጉመው ሳያየው ያለፈው ነገር አለ አለች። በአማርኛ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ራበኝ ስንል ሁሉም ግስ ነው፤ ድካሙ፣ ሕመሙ፣ ረሃቡ መጥቶ እኔን ይይዘኛል፣ እኔ ተሳቢ ነኝ። በቱርክኛ እነዚህ ሦስቱ ቅጽል ናቸው፦ «ዮርጉኑም»፣ «ሃስታይም»፣ «አችም»፤ ደካማ ነኝ፣ ሕመምተኛ ነኝ፣ ረሃብተኛ ነኝ እንደማለት። መጀመሪያ አካባቢ አመመኝ የሚል ሰው ባጋጠማት ቁጥር ግሱን ፍለጋ ስትባዝን ሐኪሙ በትዕግሥት ይጠብቃት ነበር። «ሃስታ» ደግሞ ያለ ስም ብቻውን ሲቆም ታካሚ ማለት ነው፤ ቅጽሉ ወንበር ስቦ የስሙ ቦታ ላይ ይቀመጣል። «ገንች» ወጣት፣ «ዘንጊን» ሀብታም እንዲሁ ናቸው፤ የብዙ ቁጥሩን «ለር» ስንጨምርባቸው ወጣቶች፣ ሀብታሞች ይሆናሉ። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለካ የሚያስቸግረኝ የቱርክኛው ቅጽል ብቻ ሳይሆን እኔ ቅጽል የማልለው ነገር ቅጽል ሆኖ መገኘቱም ነው።

6ኛው መላሽ ላሌሊ የሚነግድ ሰው ነው። ላሌሊን የማያውቅ ካለ፣ ከብዙ አገር የሚመጡ ነጋዴዎች ልብስ በጅምላ የሚገዙበት የኢስታንቡል ሰፈር ነው። ትልቁን ሸሚዝ ስጠኝ ለማለት ፈልጎ «ቡዩዩ ጎምሌዪ» አለ። ሻጩ ራሱን ነቀነቀና ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ትልቁን ጃኬትም ሸሚዙንም ጠቀለለለት። ተከራከሩ፤ ሻይ ተጠጣ፤ በመጨረሻ ጃኬቱንም ገዛው። እስከ ዛሬ የት እንደተሳሳተ እንደማያውቅ ጻፈ። ጃኬቱ ግን ጥሩ እንደነበር ሳይናገር አላለፈም።

አራሚው በ7ኛው መልስ ተመለሰ፤ ለእኔ የክሩ እምብርት ይህ ነው። ነጋዴው የተናገረው በቱርክኛ ልብስ የለበሰ አማርኛ ነው አለ። እኛ ትልቁን ሸሚዝ ስንል የታወቀ መሆኑን የምታሳየውን «ኡ»ም ሆነ ተሳቢነቱን የምታሳየውን «ን» የምንጭነው በቅጽሉ ላይ ነው፤ ሸሚዙ እጁን አጣምሮ ይሄዳል። በቱርክኛ ሸክሙ ሁሉ የስሙ ነው። ቅጽሉ ባዶ እጁን ከፊት ይሄዳል፦ «ቡዩክ ጎምሌዪ»። ቅጥያው ቅጽሉ ላይ ከዋለ ቅጽሉ ቅጽል መሆኑ ይቀርና ስም ይሆናል፤ «ቡዩዩ» ትልቁን፣ ትልቅየውን ማለት ነው። ሻጩ የሰማው ትልቁንና ሸሚዙን የሚል የሁለት ዕቃ ትእዛዝ ነበር፤ አላጭበረበረም። ብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው። እኛ ትልልቅ ቤቶች ብለን ሁለቱንም እናበዛለን፤ እነሱ «ቡዩክ ኤቭለር» ብለው ስሙን ብቻ። ቁጥር ከፊት ከመጣ ደግሞ ስሙም ይተዋል፤ «ኢኪ ቡዩክ ኤቭ» ሁለት ትልቅ ቤት። ይህን ካነበብኩ በኋላ በመነሻው ላይ ጣጣ የለበትም ያልኩትን ማንሣት ነበረብኝ። ጣጣው አልጠፋም፤ ወደ ስሙ ተሻግሯል። አማርኛ የለመደ ምላስ ደግሞ ወደ ቅጽሉ እየመለሰ ይጭነዋል።

ይህን አምኜ ልጽፍ ስል 8ኛው መልስ ደረሰ፤ ሲደርስም በጥፊ ነው። ጸሐፊው ሦስት ወር ያልሞላው ሰው ቋንቋን ከቋንቋ ለማወዳደር መነሣቱ እንዳስገረመው ገለጠ። ቀላል ከሆነ «ቢር»ን ከቅጽሉ በፊት ታስቀምጠዋለህ ወይስ በኋላ ሲል ፈተነኝ። እኔም ሳላስብ 9ኛውን መልስ ጻፍኩ። «ቢር» አንድ ማለት ስለሆነ እንደ አማርኛው አንድ ባዶ ክፍል፣ ማለትም «ቢር ቦሽ ኦዳ» ይባላል አልኩ፤ በዚያ ላይ አስተማሪ ነው ወይስ ዳኛ የሚል አላስፈላጊ ነገር ጨመርኩ። በማግሥቱ አስተማሪዬን ጠየቅኳት። እንዲያ ካልኩ መቁጠሬ እንደሚመስል፣ አንድ ባዶ ክፍል እንጂ ሁለት አይደለም እንደማለት እንደሚሰማ ነገረችኝ። እንዲሁ ባዶ ክፍል ለማለት «ቢር» በቅጽሉና በስሙ መካከል ይገባል፤ «ቦሽ ቢር ኦዳ»። ወደ መድረኩ ተመልሼ 9ኛውን መልሴን ሳልሰርዝ ከሥሩ ስሕተት መሆኑን ጻፍኩበት። የ8ኛው መልስ ባለቤት ምንም አላለም። ደስ ያለው ይመስለኛል።

10ኛዋ ጠያቂ ከአዳማ ናት። በአማርኛ ድምፅ ተተክቶ የሚቀርበውን የቱርክ ድራማ ከማየት ተነሥታ አሁን በራሱ ቋንቋ ማየት ጀምራለች። «ክፕክርምዝእ» እና «ቤምቤያዝ» የሚሉ ቃላት ይመጡባታል፤ እሷ እንደ ቀያይ እና ነጫጭ ብዙ ቁጥር መስለዋት ነበር። ነገር ግን ጀግናዋ የለበሰችው አንድ ነጭ ቀሚስ ነው፤ የምን ነጫጭ? ጥያቄው በጣም አስደሰተኝ፤ እንዲህ ዓይነት ስሕተት ከአማርኛ ተናጋሪ የሚጠበቅ ነውና። በእኛ ቋንቋ ቅጽል ሲደጋገም ይበዛል፤ በእነሱ ይጠነክራል።

የኢዝሚሩ ሰው በ11ኛው መልስ በትሕትና አስረዳት። የቅጽሉ መጀመሪያ ይቆረጥና ከ«ም»፣ «ፕ»፣ «ር»፣ «ስ» አንዱ ተለጥፎበት ከፊት ይቀጠላል። «ቤያዝ» ነጭ፣ «ቤምቤያዝ» ወተት የመሰለ ነጭ፤ «ዬኒ» አዲስ፣ «ዬፕዬኒ» ገና ከዕቃው የወጣ፤ «ቴሚዝ» ንጹሕ፣ «ቴርቴሚዝ» ጥርት ያለ፤ «ማቪ» ሰማያዊ፣ «ማስማቪ» እንደ ጠራ ሰማይ። ከአራቱ የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን ግን አብሮ መሸምደድ ነው። የእኔም ክፍል «ቦምቦሽ» ሊሆን እንደሚችል አስታወሰኝ፦ ወንበር እንኳ የሌለበት ወና።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። 12ኛው መላሽ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ርእሱን እንዳየ ስለ ዛፍ የሚወራ መስሎት ነበር የገባው። በኦሮምኛ ኦዳ ዋርካ ነው፤ የገዳ ጉባኤ ከጥላው ሥር የሚቀመጥበት ታላቅ ዛፍ። እንግዲህ በእሱ ጆሮ አከራይዋ የጻፉልኝ ዋርካው ባዶ ነው የሚል ነው፤ ጉባኤው ተበትኖ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ 11 ሰዎች የሳቅ ምልክት አኖሩበት፤ የ7ኛው መልስ ግን ሁለት ብቻ አግኝቷል። እንዲህ ነው እንግዲህ።

13ኛዋ መላሽ ወደ ቅጽል መለሰችን፤ በቡና በኩል። የቱርክ ቡና ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ከመታዘዙ በፊት እንዴት እንደሚፈለግ መናገር ግዴታ ነው። «ሳዴ» ያለ ስኳር፣ «አዝ ሼኬርሊ» ትንሽ ስኳር ያለው፣ «ኦርታ» መካከለኛ፣ «ሼኬርሊ» የጣፈጠ። ቡና የሚለውን ቃል መጥራት አያስፈልግም፤ ቅጽሉ ብቻውን ይበቃል። «ሊ» ያለው፣ «ሲዝ» የሌለው ነው፤ «ሼኬርሊ» ስኳር ያለው፣ «ሼኬርሲዝ» የሌለው፤ አናባቢው እንደ ቃሉ ይለዋወጣል፣ ጨው ላይ ሲደርስ «ቱዝሉ» እና «ቱዝሱዝ» ይሆናል። ድንጋያማ፣ ዝናባማ ስንል «ማ» የምትሠራውን ሥራ «ሊ» ትሠራለች፤ ልዩነቱ እኛ ስኳራማ አለማለታችን ነው። የሌለውን ደግሞ እኛ ዋጋ ቢስ፣ ወላጅ አልባ እንላለን።

«ቢስ»ን ማንሣቷ ጠብ ጫረ። 14ኛው ጸሐፊ ከዚያ ተነሥቶ «ሲዝ» እና «ቢስ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ቱርክኛም ከእኛ ብዙ ወስዷል ብሎ ደመደመ። አራሚው በ15ኛው መልስ ሲመጣ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። ሁለት ድምፅ ስለተመሳሰለ ዝምድና የሚቆጥር ሰው የሰርግ ጥሪ ወረቀት እንጂ ሰዋስው አይጻፍ የሚል ይዘት ያለው ነገር ጻፈ። ማስረጃው ግን ጥሩ ነው። «ሲዝ» እንደ ቃሉ አናባቢ «ሱዝ»ም «ስዝ»ም ትሆናለች፤ «ቢስ» ንቅንቅ አትልም። «ቢስ» ቢስ አይይህ በሚለው ምርቃት ውስጥ ብቻዋን ቆማ ትርጉም አላት፤ «ሲዝ» ብቻዋን ከቆመች ግን ሌላ ቃል ነው የምትሆነው፤ እናንተ ወይም እርስዎ ማለት።

16ኛዋ መላሽ ሁለቱንም ለማስታረቅ ሞከረች። ዝምድና የሚመስል ሁሉ ዝምድና ባይሆንም አንዳንዱ በዓረብኛ በኩል የተገናኘ ነው አለች፤ በጥያቄዬ ውስጥ ያለው «ኪራልክ» ሥሩ «ኪራ» ነው፣ የእኛው ኪራይ። ነገር ግን እንደዚህ ያለ የጋራ ቃል ወጥመድም እንዳለው ከራሷ ሕይወት መሰከረች። ተከራይታ የምትኖርበት ቤት ልጅ ሥራ አጥቶ ሲተክዝ አይታ ለእናቱ «ሚስኪን» አለቻቸው፤ አንጀቷ ተላውሶ ነው። የሴትዮዋ ፊት ተቀየረ። ቃሉ በዛሬው ቱርክኛ ከአዘኔታ ይልቅ ፈዛዛ፣ ሰነፍ ወደሚል ስድብ ያደላል፤ እሷ የፈለገችው «ዛቫልእ» ነበር። ለማስታረቅ እንጀራ ጋግራ ወሰደች። እንጀራው «ኤክሺ» ተባለ፤ ጎምዛዛ። እውነት ነው፣ ቅጽሉም ትክክለኛ ቦታው ላይ ነበር።

17ኛውና 18ኛው መልስ አሁን ክሩ ላይ የሉም። ቡና በዓለም የሚጠራበት ስም ከከፋ የመጣ ነው በሚልና ከዓረብኛ ነው በሚል ሁለት ሰዎች የተሰዳደቡበት ስለነበር አወያዩ ሰርዟቸዋል። 19ኛው የአወያዩ ነው። ርእሱ ቅጽል መሆኑን በጥብቅ ካሳሰበ በኋላ ራሱ ሁለት መስመር ሰዋስው ጣል አደረገ፦ «ዳሃ ቡዩክ» ይበልጥ ትልቅ፣ «ኤን ቡዩክ» ከሁሉ ትልቅ። ሲያወዳድሩ የእኛ «ከ» በእነሱ ዘንድ ከስሙ ኋላ «ዳን» ሆና ትመጣለች፤ «አንካራ ኢስታንቡልዳን ኩቹክ» ቢባል «ዳሃ» ባይኖርም አንካራ ከኢስታንቡል ታንሳለች ነው። የእግር ኳስ ደጋፊዎች «ኤን ቡዩክ» ብለው የክለባቸውን ስም እንደሚያስከትሉ ጨመረ፤ የራሱን ክለብም ጠቀሰ። ርእሱ ቅጽል መሆኑን ያሳሰበን ይኸው ሰው ነው።

20ኛው መልስ የእኔን አጻጻፍ ወቀሰ። ቱርክኛን በፊደል መጻፍ ያሳስታል፤ ስምንት አናባቢ ያለውን ቋንቋ በሰባት አናባቢ ማሰር ነው አለ። «ቡዩክ» ብዬ የምጽፈው በእኛ ፊደል መልክ የሌለው፣ ከንፈር ሾሎ ምላስ ወደ ፊት የሚገፋበት ድምፅ ነው፤ ከ«ኡ» ጋር አንድ አድርጌ ጨፍልቄዋለሁ። ጉዳቱንም አሳየ። መጠየቂያዋ ቅንጣት ከቃሉ አናባቢ ጋር አብራ ትለዋወጣለች፤ በቱርክኛው የ«ቦሽ» መጠየቂያና የ«ቡዩክ» መጠየቂያ ድምፃቸው ይለያያል፣ በእኔ አጻጻፍ ግን ሁለቱም «ሙ» ናቸው። ቱርኮች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1928 የዓረብ ፊደልን ትተው የላቲኑን የያዙበት አንዱ ምክንያት የቀድሞው ፊደል አናባቢዎቻቸውን በወጉ አለመለየቱ እንደነበር አስታወሰኝ። ትክክል ነው። ነገር ግን ያችን ስድስተኛዋን «እ»ን ለማስተማር ከእኛ ፊደል የሚሻል አላገኘሁም፤ አብረውኝ የሚማሩ የሌላ አገር ልጆች «ክርምዝእ»ን ለመጥራት ፊታቸው ሲጨማደድ እኔ ሳልታገል እላታለሁ።

21ኛው መላሽ በአንድ የባቡር ሐዲድ ግንባታ ላይ አስተርጓሚ የነበረ ሰው ነው። አንድ ሹፌር ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር ብሎ ሲነግረው ለቱርኩ መሐንዲስ «ቦዙክቱ» ብሎ አስተላለፈ። መሐንዲሱ መቼ እንዳየው፣ ዘይት ይፈስ እንደነበር፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሰማ በጥያቄ አጣደፈው። እሱ ማሽኑ አጠገብ ደርሶም አያውቅም። «ቦዙክሙሽ» ማለት ነበረበት። «ሙሽ» ቅጽሉ ላይ ስትገባ እኔ አላየሁም፣ ሰምቼ ነው፣ ወይም አሁን ገና ነው የደረስኩበት ማለት ነው፤ በእኛ ነው አሉ እና ለካ የምንላቸው ሁለቱም በአንዲት ቅጥያ ተጠቅልለዋል። ቱርክ ለቅጽሉ ጾታውን አይጠይቅህም፣ ዓይንህን ግን ይጠይቅሃል አለ። የ8ኛው መልስ ባለቤት ለዚህ ድጋፉን ገለጠ፤ ከእኔ ጋር ግን እስከ አሁን አልታረቅንም።

22ኛው መልስ ሲመጣ ክሩ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ነበር። ጸሐፊው በሚቀጥለው ወር አንካራ የሚገባ አዲስ ተማሪ ነው። ሰዋስው ውስጥ አልገባም፤ ከ1ኛው እስከ 21ኛው ያለውን ማንበቡንም እጠራጠራለሁ። ክፍሉ አሁንም ባዶ እንደሆነ በቱርክኛ ጠየቀ፤ «ሙ»ን ቦታዋ ላይ አስቀምጦ፣ «ድር» ሳይጨምር። ኪራዩ ስንት እንደሆነም።

23ኛው የእኔ ነው። ሊያየው የመጣው ሰው ክፍሉ ጠቦት ትቶት ሄዷል፤ «ኩቹክ» ነው፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ «ኦዳ ቦሽ ዴይል» ብዬ መለስኩለት። መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ የእኔ ነው፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ፎቅ ላይ «ኪራልክ» የሚል ወረቀት ትናንት ማታ ተለጥፏል፤ ቁጥሩን በግል ልኬለታለሁ።